ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የአዲስ አበባና የዋሺንግተን የአየር ርቀትና የጉዞ ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ እስከሚገኘው የደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት፣ በምድር ሉል ላይ በአጭሩ መንገድ ሲለካ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ በአሜሪካውያን መለኪያ ወደ 7,185 ማይል፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ ወደ 6,240 ይሆናል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ላስታወሰ፣ በዚህ መስመር የሚጓዝ ሰው በአንድ ጉዞ ከዓለም ዙሪያ ከሩብ በላዩን ያቋርጣል ማለት ነው።

የጉዞውን ሰዓት ግን እንደ ርቀቱ በአንድ ቁጥር መመለስ አይቻልም። ከዋሺንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለማቋረጥ የሚበር አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን የሚሄደው ደግሞ፣ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት አርፎ የሚነሳ ከሆነ፣ 16 ወይም 17 ሰዓት ይወስዳል። አየር መንገዱ አንድ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትም አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃውና መመለሻው በሦስትና በአራት ሰዓት ይለያያሉ።

ልዩነቱ ለብዙ ቤተሰብ የወሬ ማሟያ ብቻ አይደለም። የወላጅ መርዶ ደርሶት ለቀብር ለመድረስ የሚጣደፍ ሰው፣ ብቻዋን ተሳፍራ የማታውቅ እናቱን የሚያስመጣ ልጅ፣ ኢንሱሊኑን በሰዓቱ መውሰድ ያለበት የስኳር ሕመምተኛ፣ ሁሉም ጉዞው በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደሚወስድና የት የት እንደሚያርፍ ማወቅ ግድ ይላቸዋል። መልሱ ደግሞ በነፋስ፣ በከፍታ፣ በጦርነትና በሰዓት አቆጣጠር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አጭሩ መንገድ የትኛው ነው?

ጠፍጣፋ ካርታ ዘርግቶ በሁለቱ ከተሞች መካከል በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው፣ አውሮፕላኑ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒዤርና በሰሜን ማሊ በረሃ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚወጣ ይመስለዋል። ይህ መስመር ግን አጭሩ አይደለም። በዚያ የሚሄድ አውሮፕላን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጨማሪ መንገድ ይበርራል። ምድር ድቡልቡል በመሆኗ እውነተኛው አጭር መንገድ በሉል ላይ ክር ወጥሮ የሚገኘው ነው፤ የአየር ጉዞ ባለሙያዎች ታላቁ ክብ ይሉታል። ቤቱ ውስጥ የተማሪ ሉል ያለው ሰው በአንድ ክር ሊሞክረው ይችላል።

ክሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያመራል። ጎጃምን በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አቋርጦ ሱዳን ይገባል፤ ከካርቱም ብዙም ሳይርቅ አልፎ የሊቢያን በረሃ በሰያፍ ይሰነጥቃል፤ በአልጄሪያ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ወጥቶ ስፔንንና ፖርቱጋልን ይሻገራል። አትላንቲክን ካቋረጠ በኋላ የአሜሪካን ምድር የሚረግጠው በኒው ጀርዚ ዳርቻ ነው። ወደ ሰሜን ከሚወጣበት ከፍተኛ ነጥብ የሚደርሰው ውቅያኖሱ መካከል ሲሆን፣ በዚያ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ይጠጋል፤ ይህም ከመድረሻው ከዋሺንግተን እጅግ ከፍ ያለ ነው። በመቀመጫው ፊት ባለው ስክሪን ላይ የአውሮፕላኑ ምስል ጠምዝዞ ሲሄድ አይቶ «ምን ያዞረናል?» ያለ መንገደኛ ካለ፣ ያየው ጥምዝ መስመር አቋራጩ ነው።

በዚህ አጭር መንገድ ላይ የተዘረዘሩትን አገሮች ያስተዋለ ሰው ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል። የሱዳን የአየር ክልል እ.አ.አ. በሚያዝያ 2023 በአገሪቱ ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ከፈነዳ ጀምሮ ለአብዛኛው የሲቪል በረራ ተዘግቶ ቆይቷል። የሊቢያንም ሰማይ በርካታ አገሮች ለዓመታት አየር መንገዶቻቸው እንዳይገቡበት ሲከለክሉ ወይም ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓም ሆነ ወደ አሜሪካ የሚወጣ አውሮፕላን፣ ወይ በምሥራቅ በኩል በቀይ ባሕርና በሳውዲ ዐረቢያ ሰማይ ወደ ግብፅ ይዞራል፣ ወይ በምዕራብ በኩል በደቡብ ሱዳንና በቻድ አቅጣጫ ያልፋል። ጦርነቱ በምድር ላይ ካደረሰው መከራ ጋር የሚወዳደር ጉዳት አይደለም፤ ሆኖም ዙሩ ደቂቃዎችን ይጨምራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ በመጨረሻም በትኬት ዋጋ ላይ ድርሻ ይኖረዋል።

ለዚህ ነው በማስያ የሚገኘው ርቀትና አውሮፕላኑ በእውነት የበረረው ርቀት ፈጽሞ የማይገጥሙት። የአየር መንገድ ሠራተኞች የበረራ ዕቅዱን የሚያወጡት በየዕለቱ ነው፤ የዕለቱን ነፋስ፣ የተዘጉ ሰማዮችንና በየአገሩ አየር ክልል ለማለፍ የሚከፈለውን ክፍያ አመዛዝነው ይወስናሉ። በዚህ ስሌት ከአጭሩ መንገድ 400 ወይም 500 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ፈጣኑና ርካሹ ሆኖ የሚገኝበት ቀን አለ።

የቦሌ ከፍታና የነዳጁ ጉዳይ

የዚህ መስመር ዋና ምሥጢር ያለው ግን ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከፍተኛ የመንገደኛ ቁጥር ከሚያስተናግዱ የዓለም ማዕከላዊ አውሮፕላን ማረፊያዎች ይህን ያህል ከፍ ብለው የተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደለስ በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 95 ሜትር ብቻ ነው።

በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህ አንድ አራተኛ አውሮፕላኑን በሦስት በኩል ይጎዳዋል። ክንፉ ክብደቱን የሚያነሳው በሚያልፍበት አየር ብዛት ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ተመሳሳይ ክብደት ለማንሳት መሬት ላይ ከ15 ከመቶ በላይ ፈጥኖ መሮጥ ይኖርበታል። ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥለው ከውጭ በሚስበው አየር በመሆኑ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጉልበቱ ቀንሶ የሚፈለግበት ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርዝመት እጅግ ይሰፋል። የቦሌ መንደርደሪያዎች 3,700 እና 3,800 ሜትር የሚረዝሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያም ሆኖ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ለያዘ አውሮፕላን አይበቁም። ጎማዎችም ቢሆኑ ሊሽከረከሩበት የሚፈቀድላቸው የፍጥነት ወሰን አላቸው። ረጅም በረራዎች ከአዲስ አበባ በብዛት በምሽትና በሌሊት መነሳታቸው ከትራንዚት መንገደኞች ሰዓት ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ጥቅጥቅ ስለሚያደርገው ለአብራሪዎቹም ይመቻል።

ምርጫው ስለዚህ ግልጽ ነው። አውሮፕላኑ ከቦሌ ለመነሳት ክብደት መቀነስ አለበት። ከመንገደኛና ከሻንጣ ቢቀነስ ገቢ ይጎድላል፤ ከነዳጅ ቢቀነስ ዋሺንግተን መድረስ አይቻልም። መፍትሔው ነዳጁን ለሁለት መክፈል ነው፦ ግማሽ መንገድ የሚያደርሰውን ይዞ መነሳት፣ ዝቅ ባለ ቦታ አርፎ ቀሪውን መቅዳት። ድሪምላይነር በመባል የሚታወቀው ቦይንግ 787-8 አምራቹ በሚሰጠው መረጃ እስከ 13,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊበር ይችላል፤ ኤርባስ ኤ350-900 ደግሞ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ። እነዚህ ቁጥሮች ከ11,560 በእጅጉ ይበልጣሉ። ነገር ግን የተለኩት ባሕር ጠለል ላይ ካለ ማረፊያ የሚነሳን አውሮፕላን ታሳቢ አድርገው ነው። ጋዜጦች «ያለማቋረጥ መብረር የሚችል አውሮፕላን ተገዛ» ብለው ሲጽፉ ይህች ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።

ከደለስ የሚነሳው አውሮፕላን ይህ ችግር የለበትም። አየሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ መንደርደሪያው ከ3,500 ሜትር በላይ፣ ነፋሱም ከኋላ ነው። ለዚህም ነው ወደ አገር ቤት የሚደረገው ጉዞ ለዓመታት ያለማቋረጥ ሲከናወን የቆየው።

ይህ ልዩነት ከታሪክም ድጋፍ አለው። እ.አ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው ቦይንግ 767-200 ኢአር ከዋሺንግተን ተነስቶ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። የበረረው 12,082 ኪሎ ሜትር በዚያን ጊዜ ሁለት ሞተር ላለው የመንገደኛ አውሮፕላን የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሁለት ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ከማረፊያ ርቀው ውቅያኖስ እንዲሻገሩ የሚፈቅደው አዲስ አሠራር የተጀመረው በቀጣዩ ዓመት መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ነገሩ ለዘመኑ ትልቅ ድፍረት ነበር። ይሁንና አቅጣጫውን ልብ ይሏል፦ ክብረ ወሰኑ የተሰበረው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላም ቢሆን ቀላሉ አቅጣጫ ያው ነው።

አየር መንገዱና መንግሥት በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለ ስፍራ ለማስገንባት የያዙት አዲስ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከመጨናነቅ መፍትሔነት ያለፈ ትርጉም አለው። ስፍራው ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ዝቅ ያለ በመሆኑ አውሮፕላኖች ከዚያ ሲነሱ የበለጠ ክብደት መያዝ ይችላሉ። የከፍታ ችግሩን ጨርሶ ባያጠፋውም ያቀለዋል።

ከፊት የሚመጣው ነፋስ

በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። የሚፈጠረው በሐሩርና በዋልታ አካባቢዎች መካከል ባለው የሙቀት ልዩነትና በምድር መሽከርከር ነው። ልዩነቱ በፈረንጆቹ ክረምት ስለሚሰፋ ነፋሱም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ይበረታል፤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ የተለመደ ሲሆን አንዳንዴ 300 ይሻገራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ነፋስ በሌለበት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በመላው መንገድ አማካይ 50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከኋላ ቢገፋው ወደ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወርዳል፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢገጥመው 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆንበታል። መሬት ላይ የሚሄድበትን፣ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ጊዜ ስንጨምር ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይታከላል። በአፍሪካ ሰማይ ላይ ነፋሱ የዋህ ስለሆነ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከአውሮፓ ወዲያ ነው። ከዋሺንግተን የተነሳው አውሮፕላን አብራሪ ወደዚህ የነፋስ ወንዝ ሊገባ ሲጥር፣ ወደ ዋሺንግተን የሚሄደው በተቻለ መጠን ይሸሸዋል። በጥር ወር ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ከታሰበው ሰዓት ቀድሞ ደርሶ፣ የሚቀበሉት ዘመዶቹ ገና ከቤት ያልወጡ ሆነው ቢያገኛቸው ጥፋቱ የነፋሱ ነው።

የት አርፎ ይነሳል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ የመንገደኛ በረራ ከጀመረበት ከ1998 እ.አ.አ. ወዲህ በመንገድ ላይ የሚያርፍባቸው ከተሞች ተለዋውጠዋል። ሮም፣ ደብሊንና የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ በተለያዩ ጊዜያት አገልግለዋል። በካርታ ሲታዩ ሩቅ ለሩቅ የሆኑት እነዚህ ከተሞች በመንገዱ ላይ የሚጨምሩት ርቀት ያስገርማል። በሮም በኩል ከአዲስ አበባ 4,480፣ ከዚያ ወደ ዋሺንግተን 7,230 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ድምሩ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በደብሊን በኩል 6,365 እና 5,465 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትርፉ ከ270 አይበልጥም። ደብሊን በሰሜን ጫፍ ያለች ትመስላለች እንጂ ለሁለት ተመጣጣኝ ግማሾች ስለምትከፍለው ለነዳጅ ክፍፍል እጅግ የተመቸች ናት። ሎሜ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። በዚያ ማረፉ ከነዳጅ ይልቅ ከገበያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከተማዋ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ የተባለው አየር መንገድ መናኸሪያ በመሆኗ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞች ከዚያ ይሳፈራሉ።

ለነዳጅ ሲያርፍ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ መንገደኞች ሳይወርዱ ይጠብቃሉ፤ ሠራተኞች ይቀያየራሉ፤ ነዳጅ ይቀዳል። የኢሚግሬሽን ፍተሻ የለም፤ ሻንጣም አይወርድም። በትኬቱ ላይ አንድ የበረራ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ማረፊያው በትንንሽ ፊደላት ሊቀመጥ ይችላል። መርሐ ግብሩ በየወቅቱ ስለሚቀየር ትኬት የሚቆርጥ ሰው «ቀጥታ» እና «ያለማቋረጥ» የሚሉት ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ይገባዋል። በአየር መንገዶች ቋንቋ ቀጥታ በረራ ማለት የበረራ ቁጥሩ አንድ ነው ማለት እንጂ አውሮፕላኑ መሬት አይነካም ማለት አይደለም። ይህን ሳይነግሩ የላኳቸው እናት፣ አውሮፕላኑ ሮም ሲያርፍ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቢቆሙ አይፈረድባቸውም።

በሌሎች አየር መንገዶች አውሮፕላን ቀይሮ የሚሄድ ሰው ሒሳቡ ይለያል። በፍራንክፈርት በኩል ጠቅላላው መንገድ ወደ 11,900፣ በኢስታንቡል በኩል ወደ 12,100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁለቱም ከቀጥታው ብዙ አይርቁም። በዱባይ በኩል የሚደረገው ጉዞ ግን ወደ 13,870 ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,520 ኪሎ ሜትር በርሮ የደረሰ ሰው ወደ ዋሺንግተን የቀረበው በ200 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዱባይ እስከ ደለስ ገና 11,355 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ዱባይ ግን ባሕር ዳር ያለች ዝቅተኛ ከተማ በመሆኗ አውሮፕላኖች ሙሉ ነዳጅ ይዘው ከዚያ ያለማቋረጥ ዋሺንግተን ይገባሉ። ርካሽ ትኬት ላገኘ ሰው መንገዱ መጥፎ አይደለም፤ ዳሩ ግን የትራንዚቱ ጥበቃ ሲታከል ጠቅላላ ጉዞው ከ20 ሰዓት ሊያልፍ እንደሚችል አስቀድሞ መቁጠር አለበት።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት

አዲስ አበባ ከዋሺንግተን በስምንት ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካኖች ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየከተማው ሰዓት በመሆኑ ውጤቱ ግራ ያጋባል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጥር ወር ማክሰኞ ማታ በ22፡30 ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን 16 ሰዓት ተኩል ተጉዞ ደለስ ሲደርስ በዋሺንግተን ረቡዕ ጠዋት 7፡00 ነው። ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው ስምንት ሰዓት ተኩል የተጓዘ ይመስለዋል። በዚያው ረቡዕ 11፡00 ላይ ከደለስ ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረው ደግሞ ቦሌ የሚደርሰው ሐሙስ 8፡00 ነው፤ በትኬቱ ላይ 21 ሰዓት ይመስላል። አጭሩ በረራ ረጅም፣ ረጅሙም አጭር ሆኖ ይነበባል።

በዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ይጨመራል። ትኬት ላይ 22፡30 ማለት ከምሽቱ 4፡30 ነው፤ 8፡00 ማለት ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ብዙ ሰው ይህን ያውቀዋል። ይበልጥ አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ በመሆኑ፣ ጃንዋሪ 15 በ00፡15 የተባለ በረራ በእኛ አነጋገር የ14 ሌሊት 6፡15 ነው። ሰው በ14 ማታ አምሽቶ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ሲገባው፣ የ15ን ቀን ሙሉ ሲሰናበት ውሎ በ15 ማታ ቢሄድ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቀኑ በቁጥር ብቻ ሲጻፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 05/07 ለአሜሪካዊ ሜይ 7፣ ለአውሮፓ ነዋሪ ጁላይ 5 ነው። ለወላጆች ቀኑን ሲነግሩ የሳምንቱን ቀን ስም፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚውልበትን ዕለትና «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ቃል አብሮ መናገር የብዙ ሺህ ብር ትኬት ያድናል።

አሥራ ሰባት ሰዓት በመቀመጫ ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በጥቅሉ ሲታይ አደጋው አነስተኛ ነው፤ በጥናቱ ግምት ከ6,000 ሰው አንዱን ያገኛል። ይሁን እንጂ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ቀደም ሲል ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ ሰዎች ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። ለሌላው መንገደኛ በየጊዜው መነሳት፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ይመከራል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስምንት የሰዓት ቀጠናዎችን ሲሻገር የመርፌውን ሰዓት እንዴት እንደሚያሸጋሽግ በራሱ ግምት መወሰን የለበትም፤ መድኃኒቱንም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ መያዝ አለበት።

ስለ ጆሮና ትንፋሽ የሚጨነቁ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በቦይንግ 787 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ካለ ቦታ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይያዛል። ይህ ከቦሌ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። አውሮፕላኑ 12,000 ሜትር ላይ እየበረረ ውስጡ ያለው አየር ከአዲስ አበባው የተሻለ ጥቅጥቅ ያለ ነው ማለት ነው። ከደለስ ለሚነሳ ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነስቶ ቦሌ ሲወርድ በደረጃው ላይ የሚያጥረው ትንፋሽ በእርጅና ወይም በድካም ብቻ የመጣ አይደለም።

መራመድ ለሚቸግራቸው ወይም ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆች የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ ትኬቱ ሲቆረጥ መጠየቅ ይቻላል። ወደ አሜሪካ በሚገቡና ከአሜሪካ በሚወጡ በረራዎች ላይ አየር መንገዶች ይህን አገልግሎት ለአካል ጉዳተኞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጡ የአገሪቱ ሕግ ያስገድዳል። ረዳቱ መንገደኛውን ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽንና በጉምሩክ በኩል እስከ መውጫው ያደርሳል።

ደለስ ከዋሺንግተን መሐል ከተማ በስተምዕራብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተቀባይ ለሌለው መንገደኛ ሲልቨር ላይን የሚባለው የከተማው የባቡር መስመር ከኅዳር 2022 እ.አ.አ. ጀምሮ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘርግቷል፤ መሐል ከተማ ለመግባት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ተቀባይ ያለው ደግሞ፣ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ በኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ በመጠበቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ባረፈበት ደቂቃ ሳይሆን ያን ጊዜ ቆጥሮ ቢመጣ ይመረጣል።